የቤቱ ካርታ በማን ስም ነው?

አዲስ አበባ ላይ ቤት የሚገዛ ሰው ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ካርታው በማን ስም ነው? ግድግዳው ቢያምር፣ ግቢው ቢሰፋ፣ ሻጩ የቅርብ ዘመድ ቢሆን እንኳ ካርታውን ሳያይ ገንዘብ የሚቆጥር የለም። ጋብቻውን ሳይቀር በሰማንያ ተፈራርሞ፣ ዋስና ምስክር አቁሞ የኖረ ሕዝብ ነው። ይኸው ሕዝብ ባሕር ተሻግሮ ሬስቶራንት፣ ሥጋ ቤት፣ የጉዞ ወኪል ወይም የታክስ መሙያ ቢሮ ሲከፍት ግን የንግዱን ስም በኢንተርኔት ላይ እንዲያስቀምጥለት የሚመርጠው ሰው ማን ነው ቢባል፣ አብዛኛውን ጊዜ «ኮምፒዩተር የሚችል ልጅ» ነው። ልጁ ጎበዝ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ጉብዝናው ላይ አይደለም።

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ አሥራ ሁለት ጠረጴዛ ያላት ሬስቶራንት ያላቸው አንዲት ወይዘሮ በዚህ ረገድ ሁለት ጊዜ ከስረው በሦስተኛው ነው የቀናቸው።

ሬስቶራንቷ የተከፈተችው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። በዓመቱ የአንድ ወዳጃቸው ልጅ፣ ያኔ የኮሌጅ ተማሪ የነበረ፣ «እትዬ፣ ዌብ ሳይት የሌለው ምግብ ቤት እኮ እንደሌለ ይቆጠራል፤ እኔ እሠራልዎታለሁ» አላቸው። ዋጋው 300 ዶላርና የአንድ በጋ ምሳ ሆነ። ልጁ በሁለት ሳምንት ጨረሰ። የሚያምር ሥራ ነበር፤ ወይዘሮዋም ለገባ ለወጣው ሁሉ ሲያሳዩ ከረሙ። ስለ ውል ያነሳ አልነበረም። ከወዳጅ ልጅ ጋር ወረቀት መፈራረም «አላምንህም» እንደማለት ይቆጠራላ! ይሉኝታ የሚባለው ነገር ባሕር አቋርጦ ሲመጣ ቪዛ አይጠየቅም።

ልጁ ስሙን፣ ማለትም ሰው በኮምፒዩተር ላይ የሚጽፈውንና ዶሜይን የሚባለውን አድራሻ፣ ያስመዘገበው በራሱ ኢሜይልና በራሱ የባንክ ካርድ ነው። ተንኮል አስቦ አይደለም፤ የሚቀለው እንደዚያ ስለነበረ ብቻ ነው። ከዚያ ተመረቀ፣ ሲያትል ሥራ አገኘና ሄደ። የኮሌጁ ኢሜይል ተዘጋ። የካርዱ ጊዜ አለፈ። ዶሜይን ደግሞ እንደ መኪና ታርጋ በየጊዜው የሚታደስ ነገር ነው፤ የማደሻው ማሳሰቢያም የሚላከው ስሙን ላስመዘገበው ሰው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ማሳሰቢያዎቹ ማንም ወደማይከፍተው አድራሻ ሲላኩ ቆዩ።

በ«ዶት ኮም» ለሚያልቅ ስም ደንቡ ያን ያህል ጨካኝ አይደለም። ጊዜው ካለፈ በኋላ መዝጋቢው ኩባንያ እስከ 45 ቀን ድረስ ሊታገሥ ይችላል። ስሙ ከተሰረዘም በኋላ ባለቤቱ ጠንከር ያለ ክፍያ ከፍሎ የሚያስመልስበት 30 ቀን አለ፤ ከዚያ 5 ቀን ይቆይና ለመጣ ሁሉ ክፍት ይሆናል። እርግጥ ሁሉም መዝጋቢ እኩል አይታገሥም፤ ቀደም ብሎ በጨረታ የሚሸጥም አለ። ወይዘሮዋ ግን ከዚህ ሁሉ ቀነ ገደብ አንዱንም አላወቁም። ነገሩን የሰሙት አንዲት የቆየች ደንበኛ ደውላ «ቤቱን ሸጣችሁት እንዴ? ዌብ ሳይታችሁን ስከፍተው የቁማር ማስታወቂያ ነው የሚመጣው» ስትላቸው ነው። ስሙን ከወደቀበት ያነሳው ሰው መልሶ ለመሸጥ 2,800 ዶላር ጠየቀ። በሜኑው፣ በቢዝነስ ካርዱ፣ በመስኮቱ መስተዋት ላይ ሳይቀር የታተመ ስም ነበር።

ልጁ ሲደወልለት ደነገጠ፤ ይቅርታ ጠየቀ፤ ገንዘቡንም በየወሩ እየላክሁ ልክፈል አለ። ወይዘሮዋ ከልጁ ገንዘብ አልወስድም ብለው እምቢ አሉ። ጥሩ ልጅ ነው። ጥሩ ልጅ መሆኑ ግን ስሙን አልመለሰም።

ከዚህ በኋላ ወይዘሮዋ የሄዱት ወደ ተቃራኒው ጫፍ ነው። «ከእንግዲህ ከሀበሻ ጋር ሥራ በቃኝ» ብለው በስልክ ደውሎ ላግባባቸው የአንድ ኩባንያ ሻጭ እሺ አሉ። በወር 189 ዶላር፣ ለሦስት ዓመት፣ አዲስ ስምም ጭምር። በዚህኛው ጊዜ ውል ነበረ፤ አሥራ አራት ገጽ። ያነበበው ሰው ነው ያልነበረው። በዘጠነኛው ገጽ ላይ ዌብ ሳይቱም፣ ሥዕሉም፣ ጽሑፉም፣ ስሙም የኩባንያው ንብረት መሆኑና ደንበኛው የሚጠቀምበት እስከከፈለ ድረስ ብቻ መሆኑ በግልጽ ሰፍሮ ነበር። ቤት ሠሩልኝ ያሉት ቤት ተከራይተው ኖሯል።

የተሠራውም ሥራ ቢሆን የሚያስቅ ነበር። ፎቶው ላይ ያለው ወጥ የሌላ አገር ምግብ ነው፤ አጠገቡም ሹካና ቢላ ተደርድሯል። የሬስቶራንቷ ስም በአማርኛ ይጻፍ ቢባል በፊደሎቹ ምትክ ባዶ ሣጥኖች ተደርድረው ወጡ። ይህ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቢሆን ኖሮ ሰበብ ነበረው። ያኔ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሶፍትዌር የየራሱ ኮድ ስለነበረው፣ ያው ሶፍትዌር የሌለው አንባቢ የሚያየው ትርጉም የሌለው ምልክት ነበር፤ ብዙ ሰው ጽሑፉን እንደ ፎቶ እያነሳ ይለጥፍ የነበረውም ለዚህ ነው። ነገር ግን የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ ውስጥ ከገባ ከ1999 ጀምሮ ነው። በነጻ የሚገኝ የፊደል ዓይነትም አለ። ዛሬ አማርኛን በሣጥን የሚተካ ዲዛይነር የሚጎድለው የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ ወይም ደግሞ ግድ የሌለው ነው።

የሚያስቀው ነገር የሚያስለቅስ የሆነው በማርች 2020 ነው። ማርች 16 ቀን የሜሪላንድ አገረ ገዥ በኮሮና ምክንያት ሬስቶራንቶች ሰው እንዳያስተናግዱ ሲያዝዙ የተፈቀደው ምግብ ይዞ መሄድና ወደ ቤት መላክ ብቻ ነበር። በዚያ ሳምንት ከሁሉ አስቀድሞ መባል የነበረበት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ክፍት ነን፤ ደውላችሁ እዘዙ፤ በር ላይ እናስረክባለን»። ወይዘሮዋ ይህን በዌብ ሳይቱ ላይ የሚጽፉበት የይለፍ ቃል አልነበራቸውም። ኩባንያው ጥያቄያችሁ በተራ ይታያል አለ። ተራው የደረሰው በአሥራ ሰባተኛው ቀን ነው። እስከዚያው ድረስ ዌብ ሳይቱ ዓርብ ማታ የባህል ሙዚቃ መኖሩን ያስተዋውቅ ነበር። በጉግል ካርታ ላይ የሚታየው የሬስቶራንቷ መግለጫ፣ ማንም ባለ ንግድ በነጻ ሊያስተዳድረው የሚችለው፣ እሱም የተመዘገበው በኩባንያው ኢሜይል ሆኖ ተገኘ።

አማራጩ የምግብ አድራሽ ኩባንያዎች ነበሩ። እነሱም ከእያንዳንዱ ትዕዛዝ እንደ ውሉ ዓይነት ከ15 እስከ 30 በመቶ ይወስዳሉ። የ20 ዶላር በያይነቱ ተሸጦ 6 ዶላሩ ሲሄድ ለጤፉ፣ ለዘይቱ፣ ለኪራዩና ለደመወዙ የሚቀረው 14 ዶላር ነው። በስሙ ነገር ላይ እነሱም ቢሆኑ ንጹሕ አይደሉም። ከወረርሽኙ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2019፣ ከእነዚህ ኩባንያዎች አንዱ በሺህ በሚቆጠሩ ሬስቶራንቶች ስም ዶሜይን ማስመዝገቡ በጋዜጦች ሲወጣ የሰጠው መልስ «ሬስቶራንቶቹ በውሉ ላይ የተስማሙበት ነው» የሚል ነበር። ያም ያልተነበበ ውል መሆን አለበት።

ሕጉስ ምን ይላል? ብዙ ሰው «ገንዘቤን ከፍዬበታለሁና የእኔ ነው» ብሎ ያስባል። በአሜሪካ ሕግ እንዲያ አይደለም። በዚህ ጉዳይ ላይ እ.ኤ.አ. በ1989 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነው ነገር የመነጨው እዚሁ ዋሽንግተን ነው። ቤት ለሌላቸው ሰዎች የሚሟገት አንድ ድርጅት የባልቲሞር ቀራጺ ሐውልት እንዲሠራለት አዘዘ፤ ሐሳቡን ሰጠ፤ ወጪውንም ቻለ። የጽሑፍ ውል አልነበረም፤ የቅጂ መብቱ የማን ነው የሚለውንም ማንም አላነሳውም። ክርክር ሲመጣ ፍርድ ቤቱ ቀራጺው በራሱ የሚሠራ ባለሙያ እንጂ የድርጅቱ ሠራተኛ አይደለም አለ፤ በመሆኑም ድርጅቱ ከፋይና አሠሪ ስለሆነ ብቻ መብቱ የእሱ ሊሆን አልቻለም። ከዌብ ሳይት ሠሪ ጋር ያለውም ነገር ያው ነው። በወር ደመወዝ የተቀጠረ ካልሆነ በስተቀር የሠራው ዲዛይንና የጻፈው ኮድ መብቱ የእሱ ነው፤ ወደ ባለ ንግዱ የሚተላለፈው በፊርማ በተደገፈ ጽሑፍ ሲሆን ብቻ ነው። የልጁ ሥራም ቢሆን በሕግ ዓይን የልጁ ነበር ማለት ነው፤ የአንድ በጋ ምሳ አያዘዋውረውም።

ሦስተኛው ሙከራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ላይ ነው። ወይዘሮዋ ሦስት ሰዎች አነጋገሩ። ሁለቱ ገና ከመቀመጣቸው ላፕቶፓቸውን ከፍተው የሠሩትን ማሳየት ጀመሩ። ሥዕሉ ይንቀሳቀሳል፤ እንጀራው እየተዘረጋ ይመጣል፤ ወጡ ላዩ ላይ ይፈሳል። በእርግጥ ያምራል። ሦስተኛዋ፣ ከቨርጂኒያ በኩል የመጣች የልጆች እናት፣ ምንም አልከፈተችም። «እትዬ፣ ሰው ሲደውልልዎት ምን ምን ነው የሚጠይቅዎት?» አለቻቸው። ወይዘሮዋ አሰቡና «ኧረ ብዙ ነገር» አሉ። «እንግዲያው ለአንድ ሳምንት ከስልኩ አጠገብ ደብተር ይቀመጥ። የደወለ ሁሉ የጠየቀው ይጻፍ። ስለ ዋጋ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» ብላ ቡናዋን ጠጥታ ሄደች።

ደብተሩን የሞሉት አስተናጋጆቹ ናቸው። ሲታይ ማንም ስለ ሬስቶራንቷ ታሪክ፣ ስለ ንግሥተ ሳባ ወይም ስለ ቡና አገር የጠየቀ አልነበረም፤ የቀድሞዎቹ ሁለት ዌብ ሳይቶች ግን በእነዚህ ነበር የሚጀምሩት። ሰው የጠየቀው ሌላ ነው። ዛሬ ክፍት ናችሁ? እስከ ስንት ሰዓት? መኪና የት ይቆማል? ለሃምሳ ሰው ክርስትና ምግብ ታዘጋጃላችሁ? ረቡዕና ዓርብ ሀበሻው «የጾም ምን አለ?» ይላል፤ በሌላው ቀን አሜሪካዊው «ቪገን ምን አለ?» ይላል። የሚበሉት አንድ በያይነቱ ነው፤ ሜኑው ላይ ግን በአንደኛው ስም ብቻ ስለተጻፈ ሌላኛው አይቶ ያልፈዋል። ከሁሉ በላይ የበዛው ጥያቄ ደግሞ «እንጀራችሁ ንጹሕ ጤፍ ነው?» የሚለው ሆኖ ተገኘ፤ በአንድ ሳምንት አሥራ አንድ ጊዜ።

ይኸኛው የቀልድ ጥያቄ አይደለም። ጤፍ ግሉተን የለውም። አሜሪካ ውስጥ በየሬስቶራንቱ የሚቀርበው እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት የተቀላቀለበት ነው። ሴሊያክ የሚባለው የአንጀት ሕመም ላለበት ሰው ጥቂት ስንዴ እንኳ ጉዳት ያመጣል። አስተናጋጆቹ ግማሾቹ «አዎ፣ ጤፍ ነው» ሲሉ፣ ግማሾቹ «ትንሽ ይቀላቀላል» ሲሉ ኖረዋል። እውነቱ የየዕለቱ እንጀራ ከጋጋሪ የሚመጣ ድብልቅ መሆኑ፣ ንጹሕ ጤፍ ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት ለሚያዝዝ የሚዘጋጅ መሆኑ ነው። ዲዛይነሯ ይህን ስትሰማ ከፎቶውም ከቀለሙም በፊት የጻፈችው ይህንኑ ነው፤ በሁለት መስመር፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ። ቀጥላ ስለ ሰዓቱ ጠየቀች። በአማርኛው ገጽ ላይ «እስከ 4 ሰዓት» ቢባል ገና አሜሪካ የተወለደው ልጅ ከቀትር በኋላ ይዘጋል ብሎ ይቀራል፤ «እስከ 10 ሰዓት» ቢባል ደግሞ አባቱ በጊዜ ይዘጋል ብሎ ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ተጻፈ። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያስብ ሰው ነው ሥራውን የሚያውቀው።

ሜኑውን ፎቶ አንስታ ከመለጠፍ ይልቅ ምግብ በምግብ በጽሑፍ አስገባችው። ፎቶ ከሆነ ጉግል እንደ ጽሑፍ በቀላሉ አያነበውም፤ ዓይነ ስውር ደንበኛም ጽሑፍን ወደ ድምፅ በሚቀይረው መሣሪያው ሊሰማው አይችልም። አንድ ዓይነ ስውር ሰው በዌብ ሳይት ማዘዝ አልቻልኩም ብሎ አንድ ትልቅ የፒዛ ኩባንያን ሲከስ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2019 የአካል ጉዳተኞች ሕግ ዌብ ሳይቱንም እንደሚመለከት መወሰኑን ነገረቻቸው። አሥራ ሁለት ጠረጴዛ ያለው ቤት ይከሰሳል ለማለት አልነበረም፤ ሥራው ግን ከመጀመሪያው በትክክል ቢሠራ ዋጋ አይጨምርም።

ወይዘሮዋን ግን ልባቸውን የረታቸው ሌላ ነገር ነው። በኢንተርኔት ጠረጴዛ መያዣ እንዲኖር ፈልገው ነበር። «ይኼ አያስፈልግዎትም» አለቻቸው። «ለአሥራ ሁለት ጠረጴዛ ስልክ ይበቃል፤ በየወሩ የሚከፍሉበት ነገር ይሆንብዎታል።» የራሷን ገቢ የሚቀንስ ምክር የሚሰጥ ሰው ብዙ አይገኝም። ለነገሩ ዌብ ሳይት ጨርሶ የማያስፈልገው ንግድም አለ። ብቻውን ሹፌር ለሆነ፣ ወይም በሰው በሰው ሥራ ለሚያገኝ የቤት ጽዳት ባለሙያ፣ በጉግል ላይ ያለው የነጻ መግለጫና በትክክል የሚነሳ ስልክ ሊበቃው ይችላል። ይህን የሚነግር ዲዛይነር ግን እንጀራው ነውና ጥቂት ነው።

ከመፈራረማቸው በፊት ወይዘሮዋ ቀድሞ የሠራችላቸውን ሰዎች ስልክ ጠየቁ። ትናንት የተጠናቀቀ ሥራ ባለቤት ሁልጊዜ ደስተኛ ስለሆነ የደወሉት ሁለት ዓመት ለሞላቸው ነው። የጠየቁትም «ሥራው ካለቀ በኋላ ስትደውሉላት ታነሳለች ወይ?» ብለው ነበር። አንደኛው አመሰገነ። ሌላው፣ የሒሳብ ቢሮ ያለው ሰው፣ ስድስት ሳምንት አዘግይታበት እንደነበር አማረረና «ቁልፉን ግን ሁሉንም አስረክባኛለች» አለ። ወይዘሮዋ ስለ መዘግየቱ የሰሙት ደስ ባይላቸውም ቁልፍ የምታስረክብ ሰው መረጡ። እሳቸውንም ሦስት ሳምንት አዘግይታቸዋለች።

ውሉ ሁለት ገጽ ነበር። 2,400 ዶላር በሦስት ጊዜ፤ ሲጀመር፣ ሲጋመስና ሲያልቅ። የመጨረሻው ክፍያ በተፈጸመ ዕለት ዲዛይኑም፣ ጽሑፉም፣ ፎቶዎቹም ወደ ወይዘሮዋ ይተላለፋሉ የሚል ዐረፍተ ነገር በፊርማ ሰፈረበት። ስሙን ደግሞ ዲዛይነሯ አልገዛችም። ሰኞ፣ ቤቱ ዝግ በሆነበት ቀን፣ ወይዘሮዋ ራሳቸው በራሳቸው ኢሜይልና በራሳቸው ካርድ ሲገዙ ከጎናቸው ተቀምጣ አሳየቻቸው። በዓመት ከ20 ዶላር ያነሰ ነው። ከአንድ እስከ አሥር ዓመት መክፈል ስለሚቻል የአምስት ዓመት ከፈሉ። አማርኛ ስም በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት አጻጻፍ የለውም፤ አንዱ «እንጀራ»ን በአይ ይጀምራል፣ ሌላው በኢ፤ «ሀበሻ»ን አንዱ በኤች ይጨርሳል፣ ሌላው በኤ ያቆማል። ሰው በተለምዶ የሚሳሳትበትን ሁለተኛውን አጻጻፍ ጨምረው ገዙ። በዚያው ዕለት የጉግሉን መግለጫ ባለቤትነትም አስመለሱ፤ ማረጋገጫው ቀናት ወሰደ።

የይለፍ ቃሎቹ በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፈው፣ የኪራይ ውሉና የመጠጥ ፈቃዱ ባሉበት የብረት ሣጥን ውስጥ ገቡ። አንድ ቅጂ ደግሞ ለልጃቸው ተሰጠ፤ ሰው ነውና ይታመማል፣ አገር ቤት ይሄዳል። የዐቢይ ጾም ሲገባ ሜኑውን የቀየሩት ወይዘሮዋ ራሳቸው ናቸው፤ ማታ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ፣ በስልካቸው፣ መነጽራቸውን አድርገው። አንድ የሆሄ ስሕተት ነበረበት፤ ጠዋት አረሙት።

በቀጣዩ ዓመት አንድ ደብዳቤ በፖስታ መጣ። ላዩ ላይ የዶሜይኑ ስም፣ የሚያልቅበት ቀንና ሊከፈል የሚገባው ገንዘብ ሰፍሯል፤ ማንም ቢያየው የመንግሥት ቢል ይመስለዋል። እንዲህ ያለውን እየላኩ ባለ ንግዶችን የሚያታልሉ ድርጅቶች ብዙ ናቸው። ወይዘሮዋ ስማቸው የት እንደተመዘገበ፣ መቼ እንደሚታደስና ስንት እንደሚከፈልበት ያውቁ ስለነበር ደብዳቤውን አልከፈሉትም፤ አልቀደዱትምም። አስተናጋጆቹ ሁሉ እንዲያዩት ብለው ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ፣ ከሥራ ፈረቃው ዝርዝር በታች ለጠፉት።